የመሬት ሳይንስን በእውነተኛ ልኬት መማር፦ ለአርሲ ደጋ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚሰጡ የጋራ ኮርሶች አንዱ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ» ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሥርዓት ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ዳግም ተግባራዊ ሲደረግ የተካተተው ይህ ኮርስ ስለ አገሪቱ የሥነ ምድር አፈጣጠር፣ መልክዐ ምድር፣ ወንዞችና ሐይቆች፣ አየር ንብረትና አፈር መሠረታዊ ዕውቀት ያስጨብጣል። ወደ ሕክምና፣ ወደ ሕግም ሆነ ወደ ምሕንድስና የሚያመራ ተማሪ ስለሚኖርበት ምድር በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚማርበት የመጀመሪያው፣ ለብዙዎችም የመጨረሻው ዕድል ነው።

ኮርሱን ከሞጁልና ከመምህር ገለጻ ባሻገር በኢንተርኔት በነፃ በሚገኙ የልኬት መረጃዎች ላይ በሚደረግ ምርመራ ማስተማር ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የአሠራሩን ምንነት፣ በአሰላና በአርሲ ደጋ እንዴት ሊተገበር እንደሚችል፣ መረጃዎቹ ከየት እንደሚገኙ፣ እንዲሁም በአጠቃቀማቸው ረገድ መደረግ ያለበትን ጥንቃቄ ያብራራል።

አሠራሩ ምን ማለት ነው?

ተራራን ወደ ላቦራቶሪ ማስገባት አይቻልም። የአርባ ዓመት ዝናብንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ቆሞ መለካት አይቻልም። ሆኖም ሌሎች የለኩትንና የመዘገቡትን መመርመር ይቻላል። የዝናብ ጣቢያዎች፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎችና ሳተላይቶች የሰበሰቡት መረጃ ዛሬ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። ተማሪው ጥያቄ ያነሣል፤ መረጃውን ያወርዳል፤ በሠንጠረዥና በግራፍ ያደራጃል፤ ከዚያም መረጃው የሚደግፈውንና የማይደግፈውን ለይቶ ያስረዳል።

በአሜሪካ ኮሌጆች «ኤዲ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ፕሮጀክት ያዘጋጃቸው የማስተማሪያ ሞጁሎች ለዚህ ጥሩ አብነት ናቸው። ሞጁሎቹ በሦስት ደረጃዎች የተከፈሉ ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ተማሪዎች በመምህሩ መሪነት አንድ መረጃ ከፍተው ማንበብ ይለማመዳሉ። በሁለተኛው ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ዘመን ወስደው ያነጻጽራሉ። በሦስተኛው የራሳቸውን ጥያቄ አንሥተው ራሳቸው ይመረምራሉ። ይህ ቅደም ተከተል ኮምፒዩተር ብዙም ያልለመደ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን በቁጥር ብዛት እንዳይደናገጥ ይረዳል።

የአርሲ ደጋ ለዚህ ትምህርት ያለው ምቹነት

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,430 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተምሥራቋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና በጥንታዊ እሳተ ገሞራ የተፈጠረው የጭላሎ ተራራ ይገኛል። በስተምዕራቧ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ ወደ ስምጥ ሸለቆውና ከ1,640 ሜትር ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ወዳለው የዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ያደርሳል። በበዳ ተራራ ላይ በበረዶ ዘመን የነበረ የበረዶ ግግር ጥሎት ያለፈው አሻራ በሳይንቲስቶች ተጠንቷል። ስለሆነም መቀመጫውን አሰላ ባደረገው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ወጣት፣ በሞጁሉ ውስጥ የሚያነባቸው እሳተ ገሞራ፣ ስምጥ፣ ተፋሰስና የአየር ንብረት ቀጠና በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ከዚህ በታች የቀረቡት አራት ምሳሌዎች ይህንኑ መሠረት ያደረጉ ናቸው።

ምሳሌ አንድ፦ ከፍታና ሙቀት

ናሳ «ፓወር» በሚል ስያሜ ያቀረበው አገልግሎት የአንድን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ላስገባ ማንኛውም ሰው ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የየቀኑን ሙቀትና ዝናብ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ተማሪዎች የአሰላን፣ የባቱን (ዝዋይን) እና የጭላሎን ጫፍ ሙቀት አውርደው እንዲያነጻጽሩ ይደረጋል።

ከማውረዳቸው በፊት ግን የሚጠብቁትን ውጤት በስሌት ማስቀመጥ አለባቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በአሰላና በባቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 800 ሜትር ያህል ስለሆነ የሙቀት ልዩነታቸው 5 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይገባል። የጭላሎ ጫፍ ደግሞ ከአሰላ በ10 ዲግሪ ገደማ ሊቀዘቅዝ ይገባል።

ተማሪዎቹ ከአገልግሎቱ የሚያገኙት ቁጥር ከዚህ ስሌት ጋር ላይጣጣም ይችላል፤ ዋናው ትምህርትም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአገልግሎቱ የሙቀት መረጃ የሚሰላው ጎንና ጎኑ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ሰፊ ቦታ በአንድ ቁጥር ነው። ከአሰላ እስከ ባቱ በቀጥታ መስመር ሲለካ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጭላሎ ጫፍ ደግሞ ከአሰላ በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ብርድ የሚያሰጋው ገብስና በሐይቁ ዳር በመስኖ የሚለማ ቲማቲም በአንድ አማካይ ቁጥር ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ቁጥሩ ስሕተት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ስለ ሰፊው ቦታ እንጂ ስለ አንድ ገበሬ ማሳ አይደለም። ይህን የተረዳ ተማሪ ሌላ ጊዜ በአንድ የስልክ መተግበሪያ ላይ የሚያየውን የሙቀት መጠን «ይህ ቁጥር የሚወክለው የትኛውን ቦታ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል።

ምሳሌ ሁለት፦ የበልግ ዝናብ ቀንሷል?

በአርሲ ደጋ የበልግ ዝናብ የማይነሣበት የገበሬ ጨዋታ የለም። አንዱ «ዝናቡ ቀንሷል» ሲል ሌላው «መጠኑ ያው ነው፤ የተዛባው አጀማመሩ ነው» ይላል። ሁለቱም አባባሎች በመረጃ ሊፈተሹ ይችላሉ።

ለዚህ የሚያገለግለው ዋነኛ ምንጭ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት «ማፕ ሩም» የተሰኘው የካርታ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የተዘጋጀ ሲሆን፣ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር በማዋሐድ ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን ዝናብ ያሳያል። ለማነጻጸሪያም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚዘጋጀውና ከ1981 እ.ኤ.አ. የሚጀምረው «ቸርፕስ» የተባለ የዝናብ መረጃ በነፃ ይገኛል።

ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊካሄድ ይችላል፦

1. የቃሉን ትርጉም መወሰን። በሜትሮሎጂ አሠራር በልግ ማለት ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። የመረጃ ፋይሎቹ የሚጠቀሙት የፈረንጆቹን ወር ስለሆነ የእኛ የካቲት 1 በእነርሱ ፌብሩዋሪ 8 ላይ እንደሚውል (በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ፌብሩዋሪ 9 ላይ) መዘንጋት የለበትም።

2. መጠኑን ከአጀማመሩ መለየት። የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ አንድ ጥያቄ ነው፤ ዝናቡ የጀመረበት ቀን ሌላ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎች ከሚሠሩባቸው መለኪያዎች አንዱ፣ በተከታታይ 3 ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ከ10 ቀን የሚረዝም ደረቅ ጊዜ ካልተከተለ ዝናቡ እንደጀመረ ይቆጥራል። ይህ መለኪያ ዘርቶ ቡቃያው የደረቀበት ገበሬ የሚያውቀውን «የውሸት ጅማሮ» ከእውነተኛው ይለያል።

3. የጎደለ መረጃን መለየት። በናሳ ፋይሎች ላይ ያልተለካ ቀን የሚመዘገበው ከዜሮ በታች 999 ተብሎ ነው። በ30 ቀን ወር ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ቀን ሳይወጣ ቢቀር የወሩ ዕለታዊ አማካይ ዝናብ በ33 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንሳል፤ ውጤቱም ትርጉም የለሽ ይሆናል።

4. መነሻ ዓመትን ማፈራረቅ። ግራፉ ከ1984 እ.ኤ.አ. ቢጀምር መነሻው በ1977 ዓ.ም. የሚታወሰው የታላቁ ድርቅ ዘመን ስለሚሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝናብ ሁሉ የጨመረ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከጥሩ ዝናብ ዓመት ቢጀመር ደግሞ የቀነሰ ይመስላል። ተማሪው መነሻውን እየለዋወጠ ድምዳሜው የሚጸና መሆኑን መፈተሽ አለበት።

5. ከመሬት ጣቢያ ጋር ማመሳከር። ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኘውና በስንዴ ምርምሩ የሚታወቀው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። እንዲህ ባሉ ማዕከላት የተለካ ዝናብ ሳተላይቱ የገመተውን ለማረም ያገለግላል። ደመና ተራራ ሲገጥመው የሚያዘንበውን ዝናብ ሳተላይት አሳንሶ ሊገምት ስለሚችል ይህ ማመሳከሪያ በደጋ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ ይዞት የሚሄደው «አባባ ተሳስተዋል» ወይም «ትክክል ናቸው» የሚል ፍርድ ሳይሆን፣ በየትኛው መለኪያ፣ በየትኛው ዘመንና በየትኛው ቦታ ምን እንደተለወጠ የሚያሳይ ግራፍ ነው። የአዛውንቱ ትዝታም ራሱ መረጃ ነው፤ የትኛው ዓመት ጎልቶ እንደሚታወስ መዝግቦ ከፋይሉ ጋር ማስተያየት የምርመራው አካል ሊሆን ይገባል።

ምሳሌ ሦስት፦ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ከቀዬአቸው አፈናቅሏል። ለቅዳሜ ታኅሣሥ 26 አጥቢያ የደረሰው በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ መዝገብ 5.7፣ የካቲት 7 የደረሰው ደግሞ 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። በእነዚያ ሳምንታት እውነቱም አሉባልታውም በማኅበራዊ ሚዲያ እኩል ይሠራጭ ነበር። መዝገቡን ራሱ ከፍቶ ማንበብ የሚችል ተማሪ በየቤቱ ያስፈልግ የነበረው በዚያን ጊዜ ነው።

የሰርቬዩ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው። ሲነበብ ግን አምስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ሰዓቱ የዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የታኅሣሥ 26ቱ መንቀጥቀጥ በመዝገቡ 00፡52 ይላል፤ 3 ሰዓት ሲደመርበት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይሆናል። በመዝገቡ ከ21፡00 በኋላ የተጻፈ ክስተት በኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ በማግስቱ የሚመዘገብ ነው።

ሁለተኛ፣ በመዝገቡ የሚጠቀሰው ከተማ የአደጋው ቦታ ሳይሆን ለማመላከቻ የተመረጠ ከተማ ነው። በወቅቱ በአርሲ ዞን የምትገኘው የአቦምሳ ስም በዜናዎች ተደጋግሞ መነሣቱ ብዙዎችን ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። የመንቀጥቀጡ መነሻ ግን ከከተማዋ በስተሰሜን ርቆ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚገኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ የተለያዩ ተቋማት ለአንድ ክስተት የተለያየ መጠን ሊሰጡ ይችላሉ። ለታኅሣሥ 26ቱ አንዳንድ ዘገባዎች 5.8 ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የአንድ አሥረኛ ልዩነት የማጭበርበር ምልክት አይደለም።

አራተኛ፣ ጥልቀቱ በትክክል 10 ኪሎ ሜትር ተብሎ በብዛት ሲደጋገም፣ በቂ ልኬት ባልተገኘበት ጊዜ በልማድ የሚቀመጥ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ የመጠን አንድ ቁጥር ጭማሪ ወደ 32 እጥፍ የሚጠጋ የኃይል ጭማሪ ነው። በዚህ ስሌት 6.0 ከ5.7 የሚበልጠው በጥቂቱ ቢመስልም የለቀቀው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው።

ተማሪዎች የአሥርተ ዓመታት ክስተቶችን በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ሲያስቀምጡ ነጥቦቹ በስምጥ ሸለቆው ተሰልፈው ያገኟቸዋል። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የደረሰው ትልቅ መንቀጥቀጥ እንደሚያመለክተው ጉዳዩ ለአርሲ ምዕራባዊ ጠርዝም እንግዳ አይደለም።

ምሳሌ አራት፦ ከጭላሎ እስከ አቢጃታ

ከአርሲ ተራሮች የሚነሣው የከታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል። አቢጃታ መውጫ ስለሌለው በላይኛው ተፋሰስ የሚደርሰውን ለውጥ ሁሉ እንደ መዝገብ ይይዛል። ሐይቁ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በእጅጉ ሸሽቷል።

ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያነሷቸው ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነፃ ይሰጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ማዕከል ከእነዚሁ ምስሎች ያዘጋጀው የገጸ ምድር ውኃ ካርታ ደግሞ ውኃ የነበረበትንና የለቀቀውን ቦታ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳያል። ተማሪዎች የሐይቁን ስፋት በየአምስት ዓመቱ ለክተው በምሳሌ ሁለት ካገኙት የዝናብ ግራፍ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡታል። የሐይቁ መሸሽ ከዝናቡ ጋር አብሮ ካልሄደ ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይሆናል፤ በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት የሚወሰደው ውኃ ዋነኛ ድርሻ እንዳለው ያመለክታሉ። በደጋው የሚኖር ተማሪ የከታርን ውኃ መጥለፍ በቆላው ላለ ሐይቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚገነዘበው በዚህ መንገድ ነው።

ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ሁኔታ

አሠራሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒዩተርና ፈጣን መስመር አይጠይቅም። የአንድ ቦታ የ40 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ 14,600 ያህል መስመር ሲሆን ፋይሉ በስልክ ከሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ሊያንስ ይችላል። መምህሩ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ወይም በስልክ ማከፋፈል ይችላል። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒዩተር ሲሠሩ አንዱ ቀን ያስማማል፣ አንዱ የጎደለውን ይለያል፣ አንዱ ግራፍ ይሠራል፣ ሌላው ድምዳሜውን ይጽፋል፤ በየሳምንቱም ሥራ ይለዋወጣሉ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ወርኃዊ ድምሮችን በወረቀት ላይ በእጅ ግራፍ ማድረግ ይቻላል፤ ለጀማሪም ቢሆን ግራፍ ምን እንደሆነ የሚገባው አንድ ጊዜ በእጁ ሲሥለው ነው። የድረ ገጾቹ ቋንቋ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ መምህሩ ዋና ዋና ቃላትን አስቀድሞ ቢያብራራ ሥራው ይቀላል።

መረጃና ድጋፍ ለማግኘት

• የጣቢያ ዝናብና ሙቀት ልኬት የሚፈልጉ ተማሪዎችና መምህራን ከተቋማቸው የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ለኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። በደብዳቤው ላይ የጣቢያው ስም፣ የሚፈለገው የመረጃ ዓይነት፣ ዘመኑና ዓላማው በግልጽ ቢሰፍር አገልግሎቱ ይፋጠናል።

• ካርታና የሳተላይት ምስልን የተመለከቱ ጥያቄዎች ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይቀርባሉ።

• የመሬት መንቀጥቀጥን የተመለከተ ሳይንሳዊ ማብራሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይሰጣል።

• በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት የውጭ አገር የመረጃ አገልግሎቶች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። መረጃውን አወርድላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው መክፈል አያስፈልግም።

መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

በክፍል ውስጥ የሚሠራ ምርመራ የትምህርት ሥራ እንጂ ትንበያ አይደለም። የዘር ጊዜን ለመወሰን የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩቱን ወቅታዊ ትንበያና የግብርና ባለሙያን ምክር መከተል ይገባል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም፤ ተማሪዎች ከመዝገብ ያገኙትን ግራፍ የማስጠንቀቂያ መልእክት አስመስለው ማሠራጨት የለባቸውም። ከሌሎች የተወሰደ መረጃ ምንጩና የተወሰደበት ቀን ሊጠቀስ ይገባል።

መምህራንም ሥራውን ሲመዝኑ ከግራፉ ውበት ይልቅ ሦስት ነገሮችን እንዲያዩ ይመከራል፦ ጥያቄው በመረጃ ሊመለስ የሚችል መሆኑን፣ ድምዳሜው ከመረጃው ያላለፈ መሆኑን፣ እንዲሁም ተማሪው የመረጃውን ጉድለት በራሱ አንደበት ማስረዳት መቻሉን። ወላጆች በበኩላቸው ልጆቻቸው ስለ አካባቢው ዝናብ፣ ወንዝና ምንጭ ሲጠይቋቸው የሚያስታውሱትን ከነዓመቱ ቢነግሯቸው ለትምህርቱ ቀጥተኛ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ፤ የጣቢያ መዝገብ ያልደረሰበትን ዘመንና ቦታ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።